የፔዳ ዲግሪያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ባሕር ዳር ነበርኩ። ጣና ዳር ቁጭ ብለን አሳ ጥብስ እየጠበቅን ሳለ፣ ድሮ ፔዳ (የመምህራን ኮሌጅ የነበረው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አብሮኝ ያስተምር የነበረ ወዳጄ የአሜሪካ ፕሮሰሱ እንዳለቀለት ነገረኝ። ሚያዝያ ላይ ቨርጂኒያ ሊገባ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጥቁር ብሏል። «ስምንት ዓመት አስተምሬ፣ ሄጄ ፓርኪንግ ልሥራ?» አለኝ።

ፓርኪንግ መሥራት አያሳፍርም። እኔም ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ቤት ኪራይ የከፈልኩት በሱ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ማስተርስ ይዘው መጥተው «የኛ ወረቀት እዚህ አይሠራም» የሚል ወሬ ሰምተው፣ ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ የቀበሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ኮሌጅ ለማስተማር ወረቀቱ ይሠራል። አቀራረቡን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ለማስተማር የስቴቱ የመምህርነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮሌጅ ይህን ፈቃድ አይጠይቅም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ለአብዛኛው የቀለም ትምህርት የሚፈልገው በዚያው ትምህርት የተሠራ ማስተርስ ነው። ማስተርሳችሁ በሌላ ዘርፍ ከሆነ ደግሞ፣ በምታስተምሩት ትምህርት 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ይጠየቃል። ይህ 18 ክሬዲት ቨርጂኒያን ጨምሮ በደቡብ ስቴቶች በደንብ የታወቀ መለኪያ ነው።

ከፔዳ የወጣን ሰዎች እዚህ ላይ ልብ እንበል። ባችለሩን በሒሳብ፣ ማስተርሱን በካሪኩለም ወይም በትምህርት አመራር የሠራ ብዙ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሒሳብ ማስተማር ከፈለገ የሚጎድለው በማስተርስ ደረጃ ስድስት የሒሳብ ኮርስ ነው። ስድስት ኮርስ ብቻ! ከባችለር እንደገና ጀምሩ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ቦታ ከፈለጋችሁ ግን በአብዛኛው ፒኤችዲ ይጠበቃል፤ እሱ ሌላ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ትራንስክሪፕታችሁ በአሜሪካ ስሌት መተርጎም አለበት። ይህን የሚሠሩት እንደ ደብሊው ኢ ኤስ እና ኢ ሲ ኢ ያሉ መዛኝ ድርጅቶች ናቸው። ሁለቱም ናሴስ የተባለው የመዛኞች ማኅበር አባላት ናቸው። ኮሌጆች በአብዛኛው የናሴስ አባል የሠራውን ምዘና ይቀበላሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምታመለክቱበትን ኮሌጅ ጠይቁ። «ኮርስ ባይ ኮርስ» የሚባለውን እዘዙ። ርካሹ ዓይነት «ማስተርስ አለው» ብሎ ብቻ ያልፋል። ኮሌጆቹ ደግሞ ማየት የሚፈልጉት እያንዳንዱን ኮርስ ነው።

ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ቢላክ ይመረጣል። አንዳንድ መዛኝ ታሽጎ በእጅ የመጣም ይቀበላል። የኔን ያመጣችልኝ እህቴ ነበረች። ፖስታው ክዳኑ ላይ፣ መጣበቂያው መሐል፣ ክብ ማኅተም ተመቶበታል። ግማሹ ማኅተም ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ሆዱ ላይ። እኔ ኮፒ ላስቀር ብዬ በቢላ ከፈትኩት። ማኅተሙ ለሁለት ተከፈለ፣ ወረቀቱም ዋጋ አጣ። እንደገና ለማስላክ አምስት ወር ጠበቅሁ። እባካችሁ፣ ኮፒ ካማራችሁ ሁለት አስወጡና አንዱን ክፈቱ።

አገር ቤት የሚያስጨርስላችሁ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናውን ሳይሰጡ የመጡ ሰዎች እዚህ በኤምባሲ በኩል ያሠሩታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጊዜ ይበላል፣ ቶሎ ጀምሩት። ኮስት ሼሪንግ ያለበት ሰውም መጀመሪያ እሱን ይዝጋ። ሬጅስትራር ሲደረስ የሚጠየቀው ክሊራንስ ነው።

ስምም ጣጣ አለው። የኔ ስም ዲግሪው ላይ በኬ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኪው ነው የተጻፈው። ፋይል ስትከፍቱ ሁለቱንም አጻጻፍ አስመዝግቡ። ቀኑንም ተጠንቀቁ፦ ሰኔ 2005 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ፎርሙ ላይ 2013 ብሎ መሙላት አለበት። የቆየ ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ፣ ፔዳ እና ፖሊ (የፖሊቴክኒክ ተቋሙ) በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሆናቸውን በአንድ መስመር ግለጹ። አለዚያ መዛኙ በድሮው ስም የሚጠራ ተቋም ሲፈልግ ግራ ይገባዋል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ «ከዚህ እስከዚህ ሠርቷል» ብቻ እንዳይል። ያስተማራችኋቸው ኮርሶች በስም ይጻፉ። ኤች ዲ ፒ (የመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና) የወሰዳችሁም ሰርተፊኬቱን አምጡት። ያኔ ሥራ ሲበዛብን እንነጫነጭበት ነበር። እዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ግን አጭር ትምህርት አስተምራችሁ እንድታሳዩ ትጠየቃላችሁ። የሚያዩት ተማሪውን ታሳትፋላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ሌክቸር ታደርጋላችሁ የሚለውን ነው። ኤች ዲ ፒ ላይ «አክቲቭ ለርኒንግ» እያልን የተለማመድነው በትክክል ይኼንኑ ነው። እኔን ያስቀጠረኝ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ አድጀንክት (በትርፍ ሰዓት የሚያስተምር መምህር) መሆን ነው። ክፍያው በኮርስ ነው፣ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የለውም። ተማሪ ካልሞላ ክፍሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ሌላውን ሥራ ወዲያው አትልቀቁ። የመጸው ሴሚስተር ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ ዲፓርትመንቶች ክፍት ቦታ የሚሞሉት ከዚያ በፊት ባለው ሰመር ነው። በድረ ገጹ ካመለከታችሁ በኋላ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አጭር ኢሜይል ጻፉ። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሐበሻ የሚበዛበት አካባቢ ናቸው፤ እዚያ የሚያስተምር ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ምዘናው እስኪደርስ ድረስ የኮሌጅ ቱቶሪንግ ሴንተር ውስጥ በሰዓት መሥራትም ጥሩ ነው። ተማሪውን ታውቁታላችሁ፣ መምህራኑም ያውቋችኋል።

ክፍል ስትገቡ አንድ ልማድ ጣሉ። እኛ ውጤት በአይዲ ቁጥር ቦርድ ላይ እንለጥፍ ነበር። እዚህ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈርፓ የሚባል ሕግ አለ፤ የተማሪን ውጤት ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው ማሳየት አይቻልም። ክፍያውን የሚከፍል አባት እንኳ ቢደውል፣ ልጁ ካልፈቀደ በስልክ አትነግሩትም። አክሰንታችሁ አያስጨንቃችሁ። ብዙው ተማሪ ራሱ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ረጋ ብላችሁ ተናገሩ፣ አዲስ ቃል ሲመጣ ሰሌዳ ላይ ጻፉት።

ወዳጄ ሚያዝያ ላይ ገባ። ፓርኪንግም ጀምሯል። ትናንት ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ የመዛኙን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ትራንስክሪፕቱ ከባሕር ዳር ደርሷል ይላል። ዛሬ ማታ እኔ ቤት መጥቶ ለሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊዋ የሚልከውን ኢሜይል አብረን እንጽፋለን።