ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፦ ሐዘንተኛን የሚደግፉ ሰዎችን እንዴት እናሠልጥን?

ደሴ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ የቅሬ (በወሎ እድር ማለት ነው) ዳኞችን፣ መምህራንን፣ ቄሶችንና ሼኾችን ሐዘን የገባበትን ቤት እንዴት እንደሚደግፉ አሠለጥናለሁ። ይህን የምጽፈው በየወረዳችሁ እንዲህ ያለ ሥልጠና ለማዘጋጀት ለምታስቡ ባልደረቦቼ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የወሎን ሕዝብ ማስተዛዘን የምናስተምረው እኛ አይደለንም። ሰው ሲሞት ቅሬው ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቀብር ይቆማል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የሚበልጥ ድጋፍ አላውቅም። ክፍተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሰው ወደየጉዳዩ ይበተናል፣ ሐዘንተኛዋ ከጭር ካለ ቤት ጋር ትቀራለች። የሥልጠናችሁ ጉልበት እዚያ ላይ ይዋል።

ማንን እንጥራ?

ዲፕሎማ አትቁጠሩ። ቀበሌው ውስጥ ገብታችሁ "ሰው ሲጨንቀው ማን ቤት ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ደጋግሞ የሚነሳው ስም የእናንተ ሠልጣኝ ነው። ብዙ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ውሃ የምታቀርብ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከሃያ ሰው አይብለጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ልምምዱ ወደ ንግግር ይለወጣል። ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ክፍል ውስጥ ይሁን።

ሠልጣኞቹም ሐዘንተኞች መሆናቸውን አትርሱ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰው ያጡ ብዙ ናቸው። ምን እንደሚነሳ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የከበደው ሳያስፈቅድ ይውጣ። ሁለተኛ አሠልጣኝ ይኑር፤ የወጣውን ተከትሎ አብሮት የሚቀመጥ።

መርዶ

ትልቁን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ እንለማመደዋለን። የአባቶች ልማድ ብዙ ጥበብ አለው፤ ሽማግሌዎች ማታ ይመክራሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ አይሰማም። አሁን ግን ስልኩ ይቀድማል። ከሳዑዲ ወይም ከቤይሩት አንዱ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ እናት ገበያ መሃል ቆማ ትሰማለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወሬው የደረሳቸውን ወጣቶች ቶሎ አግኝቶ "ለእናቱ እስኪነገር አትለጥፉ" ብሎ መለመን ነው።

ከዚያ ለልምምዱ ሦስት ሰው አስቀምጣለሁ፤ እናት፣ መርዶ ነጋሪና ጎረቤት። ነጋሪው ከመግባቱ በፊት የሟቹን ስም ከነአባቱ ያረጋግጣል። እናት ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም እንዳለባት፣ ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር እንዳለች ይጠይቃል። የፈላ ውሃና ስለት ያለው ነገር ካጠገቧ ይነሳል። እሷ ትቀመጣለች፣ እሱም ይቀመጣል። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። "እማማ፣ ከባድ ነገር ይዘን ነው የመጣነው።" ትንሽ ዝም። "ልጅዎ ሰይድ ሞቷል።"

ይህቺ ቃል ከአፍ አልወጣ ትላለች። ሠልጣኞች "ትንሽ አሞት ነበር፣ ሆስፒታል ገብቷል" እያሉ ይዞራሉ። ቀስ ብሎ መንገር ደግ ነው፤ መዋሸት ግን ሌላ ነው። ዛሬ "ታሟል"፣ ነገ "ሞቷል" ያልናት እናት "ታሞ ሳለ ለምን አልነገራችሁኝም? ደርሼ አላስታምመውም ነበር?" እያለች ዓመታት ትብሰለሰላለች። አሟሟቱን ከጠየቀች የምታውቁትን እውነት በጠየቀችው ልክ ንገሯት። የአስከሬን ፎቶ ስልክ ላይ ካለ እሷ ሳትጠይቅ አይታይ።

ከዚያ ዝም ማለት ነው። ትጩህ። ደረቷን ስትመታ፣ ፊቷን ስትቧጭር እጇን በቀስታ ያዙላት እንጂ "በቃ አታልቅሺ" አትበሏት። "አብሽሪ" ማለት ካለባችሁም ካለቀሰች በኋላ ይሁን። ሠልጣኙ ሁሉ በየተራው እናቷንም፣ ነጋሪውንም፣ ጎረቤቷንም ሆኖ ይለማመድ።

ማዳመጥና አለማስገደድ

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ነገር ያርፋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን ብቻውን ነው? ማን እህል አልቀመሰም? ይህ ማየት ነው። ማገናኘት ሲባል ደግሞ ምክር ብቻ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት የሞት ምዝገባ ወረቀት፣ የልጆች ቀለብ፣ የሚያርስላት ሰው ትፈልጋለች። ሠልጣኙ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚሠራ ይወቅ።

ሁለት ነገር በጥብቅ ከልክሉ። አንደኛ፣ አሰቃቂ ነገር ያየን ሰው "ሁሉንም ተናገረው፣ ይወጣልሃል" ብሎ ማስጨነቅ። አደጋው እንደደረሰ ሰውን ሰብስቦ ያየውን ማስተረክ እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል ታይቷል። ሲፈልግ ይናገር። ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛን በማስታገሻ ማደንዘዝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ዲያዜፓምና መሰል ማስታገሻዎች እንዳይሰጡ መክሯል። ለቅሶ ሕመም አይደለም። የሟቹን ድምፅ የሰማች፣ በር ላይ ያየችው የመሰላት እናትም አላበደችም፤ ይህ በሐዘን ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።

ልጆችን በተመለከተ አጭር ነው፤ "እናትህ አረብ አገር ሄዳለች" አይባልም። "ሞታለች፣ ተመልሳ አትመጣም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የምንይዝህ እኛ ነን" ይባላል። ማን እንደሚይዘው በስም ይነገረው።

ሬሳ የሌለው ሐዘን

ወሎ ውስጥ ይህ ሳይነሳ ሥልጠናው ጎዶሎ ነው። በጅቡቲ አድርጎ ባሕሩን ለመሻገር የወጣ ልጅ፣ ጦርነት ላይ ድምፁ የጠፋ ባል። መርዶ የለም፣ ድንኳን የለም፣ አርባ የለም፣ ሰደቃ የለም። ቅሬው የሚደርሰው ሞት ሲረጋገጥ ነውና እነዚህ ቤቶች ሰው ሳያያቸው ያዝናሉ። ጎረቤትም ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ "ሞቷል፣ ቁረጪ" ይላል፣ ሌላው "ይመጣል፣ ተስፋ አትቁረጪ" ይላል። ሠልጣኙ ከሁለቱም ወገን አይሁን። እናት ጠዋት ልጇ በሕይወት እንዳለ፣ ማታ እንደሞተ ብታስብ ልክ ናት። አብረናት እንቁም። ፍለጋው ላይ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ፎርሙን አብረን እንሙላ። ጸሎቱን፣ ፍትሐቱን፣ ዱዓውን በተመለከተ የሃይማኖት አባቶቹን እንጠይቅ፤ እኛ አንወስንም።

መቼ እንሂድ? መቼስ ወደ ሕክምና እንላክ?

የጉብኝቱን ቀን ከሕዝቡ አቆጣጠር ጋር አያይዙት። ለክርስቲያን ቤት ከአርባው በኋላ፣ ከሰማንያው በኋላ፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ። ሙስሊም ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ (ቤቷ የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ) ላይ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነይ አትበሏት፣ ሴት ሠልጣኝ ቤቷ ትሂድ። ብቸኝነቱ የሚጠናው ያኔ ነው።

አብዛኛው ሰው በወገኑና በእምነቱ ይጸናል። አንዳንዱ ግን ሐዘኑ አንድ ቦታ ይቆማል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ምደባ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈውን፣ ከአካባቢው ባሕል የተሻገረና ኑሮን ያሰናከለ ሐዘን ሕክምና የሚሻ ችግር ይለዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ስድስት ወር አይጠበቅም። "ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም። ጥያቄው ለአፍ ስለሚከብድ ድምፅ አውጥተው ይለማመዱት። "አዎ" ያለ ሰው ብቻውን አይተው። ቤት ያለው የእህል ተባይ መድኃኒት ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ።

ከሥልጠናው በኋላ

አሠልጥኖ መበተን ሠልጣኙንም ሐዘንተኛውንም ይጎዳል። በወር አንድ ቀን፣ ቢቻል በገበያ ቀን፣ ሰብስቧቸው። የገጠማቸውን ስም ሳይጠሩ ያምጡ፤ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ የሰፈር ስም ብቻ ሰው ያጋልጣል። ማን እንደደከመ ተመልከቱ። ሁለት ከባድ ቤት የያዘችው ሠልጣኝ ሦስተኛ አይጨመርባት። ለዚህ ስብሰባ በጀት የለም የሚል መልስ ታገኛላችሁ። እቅዱን ስትጽፉ የአዳራሽ ኪራይና የባነር ወጪ ቀንሱና የዓመቱን ትራንስፖርትና የቡና ገንዘብ ከመጀመሪያው አስገቡት።