ኮንፈረንሱ እሁድ አለቀ፤ ሰኞስ?

ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። እዚህ የአዲስ አበባ ዳር ላይ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ኮንፈረንስ ይበዛል። ባዶ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ጄኔሬተር ይመጣል፣ የፕላስቲክ ወንበር ከዚህም ከዚያም ይለቃቀማል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ይለቀሳል። እሁድ ማምሻውን «ለጌታ ዋጋ መክፈል የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ» ሲባል ግማሹ ሰው ተነስቶ ይወጣል። እኔም ወጥቻለሁ፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ግን ስለ ትናንቱ የሚያነሳ የለም።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ከልባቸው ለወጡ ሰዎች ነው። መነቃቃቱ ውሸት ነበር የሚል ሰው አይደለሁም። እውነት ነበር። ችግሩ እሁድ የተባለውን ማክሰኞ እንዴት እንደምንኖረው የሚያሳየን ማጣታችን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ለአዳራሽ ማሠሪያ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ዝማሬው ሞቅ ባለበት ሰዓት እጄን አውጥቼ «50 ሺህ ብር!» ብዬ አረፍኩት። ያኔ ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ ላይ ሲደርስ 9 ሺህ አይሞላም። ጉባኤው «አሜን!» አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ራት አቀረበች። ከዚያ «ከየት አምጥተህ?» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ያለን የእሷ እቁብ ብቻ ነበር፣ እሱም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ። አራት ወር ሙሉ መዝገቡን ከያዘው ዲያቆን ስሸሽ ከረምኩ፣ በኋላ እሱን ላለማግኘት ብዬ እሁድ መሄዱንም ተውኩት። ለእግዚአብሔር ቤት ልሰጥ ብዬ ከእግዚአብሔር ቤት ቀረሁ።

ያን ቀን ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ዋጋ የሚከፍለው ማነው?

በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ላይ ዳዊት ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ሲል እምቢ ብሎ 50 ሰቅል ብር ከፈለ። ምንም ያልከፈልኩበትን መሥዋዕት ለአምላኬ አላቀርብም ነው ያለው። እኛ ይህን ክፍል የምንሰብከው «ብዙ ስጡ» ለማለት ነው። እኔ አሁን ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ሰውየው ከሌላ ሰው በረት በወጣ በሬ መሥዋዕት አላቀርብም እያለ ነው። የባለቤቴን እቁብ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ስለዚህ ሰኞ ማታ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ወረቀትና እስኪርቢቶ ያዙና የገባችሁትን ቃል ጻፉት። «ሕይወቴን ሰጥቻለሁ» የሚለው ለጸሎት ጥሩ ነው፣ ለወረቀቱ ግን አይሆንም። ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደሚከፍለው ጻፉ። «በየቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ጮክ ብዬ እጸልያለሁ» ካላችሁ፣ የምትኖሩትም ስቱዲዮ ውስጥ ከሕፃን ጋር ከሆነ፣ የምትከፍለው ሕፃኑን መልሳ የምታስተኛው ሚስታችሁ ናት። «በሳምንት አምስት ማታ አገለግላለሁ» ካላችሁ የሚከፍሉት አባታቸውን ተኝተው የሚያሳልፉት ልጆች ናቸው። «የሥራ ሰዓቴን ለወንጌል» ካላችሁ ደግሞ የሚከፍለው ቀጣሪያችሁ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ፊት አልወጣም። የራሳችሁ ስም ያለበትን አስቀሩ። ሌላውን ወይ አስተካክሉት፣ ወይ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ባለትዳር ከሆናችሁ ወረቀቱን አብራችሁ ካላያችሁት ገና አልጨረሳችሁም።

ቀጥሎ አሳንሱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ ማሳነስ እምነት ማጣት ይመስለዋልና። ጀርመን አገር ሄርንሁት በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1727 የሆነውን ልንገራችሁ። ከሞራቪያ፣ ዛሬ ቼክ ከሚባለው አገር፣ ተሰደው የመጡ ሰዎች ዚንዘንዶርፍ በሚባል ባላባት መሬት ላይ ሰፍረው፣ መጀመሪያ እርስ በርስ ሲጣሉ ቆይተው፣ በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ትልቅ መነቃቃት ሆነላቸው። ከዚያ 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ቃል ገቡ። የገቡት ቃል ምን መሰላችሁ? በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት መጸለይ። በቃ። ሰዓቱን ተከፋፈሉት፣ ቀንና ሌሊቱን ሞሉት፣ ያ ተራ ከ100 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቀጠለ። እያንዳንዳቸው «ሌሊቱን ሙሉ እጸልያለሁ» ብለው ቢሆን ኖሮ እስከ መስከረም የሚዘልቁ አይመስለኝም።

እኛም በብሎካችን ይህንኑ በትንሹ ሞከርን። ሰባት ሰዎች ነን፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት። የእኔ ሐሙስ ነው። ስጨርስ ቴሌግራም ላይ «ጨርሻለሁ» ብዬ እጽፋለሁ፣ የዓርቡ ወንድም ይረከባል። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ተኝቼ ያሳለፍኩት ሐሙስ አለ፣ አልደብቅም። በቀሩት ቀናት የምጸልየው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ መንገዱ ሲዘጋ ጊዜ ሞልቷል። ታክሲ ውስጥ ግን ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ረዳቱ ሂሳብ ላለመክፈል የተኛችሁ ይመስለዋል።

ወደ ገንዘብ ልመለስ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ነውና። አሥራት ለሚያወጣ ሰው ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 12 ሺህ የሚያገኝ 1,200 ይሰጣል። ጣጣው ከዚያ በላይ በሚገባው ቃል ላይ ነው። እኔ አሁን ያለኝ ደንብ፣ ማይክ በተያዘበት ሰዓት ቁጥር አልጠራም። ቤቴ እሄዳለሁ፣ ሦስት ሌሊት አድርበታለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር እነጋገራለሁ፣ በአራተኛው ቀንም ልቤ ያው ከሆነ በወር በወር የሚከፈል አድርጌ አስመዘግባለሁ። ሦስት ሌሊት የማያድር በረከት በረከት አይደለም። «ዛሬ፣ አሁን፣ የአንገትሽን ወርቅ ካልሰጠሽ በረከትሽ ያልፍሻል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለእናትና ለአባታቸው መጦሪያ የሚሆነውን «ቁርባን ነው» እያሉ የሚከለክሉትን ኢየሱስ ራሱ እንዴት እንደወቀሳቸው ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ አለ።

ከአቅማችሁ በላይ ቃል ገብታችሁ ከሆነስ? አትሽሹ። እኔ የሸሸሁትን አይታችኋል። ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ደውሉና «አባባ፣ የተናገርኩትን መክፈል አልቻልኩም፣ ማስተካከል እፈልጋለሁ» በሉ። እኔ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ስሄድ ሽማግሌው ሳቁብኝ። ከዚያ ቡና ጋበዙኝ። በወር 500 ብር አደረግነው፣ በሁለት ዓመት 12 ሺህ ከፈልኩ፣ የቀረውን ሰረዙልኝ። ዲያቆኑ በኋላ እንደነገረኝ መዝገቡ ላይ እንደኔ ያለው ሰው ብዙ ነበር።

ስለ ጾም ብዙ አልልም። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ጨጓራ ያለበት፣ መድኃኒት የምትወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩት። ውኃ ጠጡ። ብዙ ቀን ከጾማችሁ ደግሞ ስትፈቱ ክትፎ ላይ አትውደቁ፤ በአጥሚት ወይም በሾርባ ጀምሩ። ለአለቃችሁም ሆነ ለጎረቤት እንደምትጾሙ ማወጅ አያስፈልግም፤ የአፋችሁ ጠረን ያወጣዋል።

አዳር ጸሎት ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የማያውቅ የለም። ከእኛ በታች ያሉት እናት ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሌሊት ለኪዳን ይነሳሉ። ፊት ለፊታችን ያለው ሙስሊም ወንድም ታክሲ ሹፌር ነው፣ ማልዶ መውጣት አለበት። የእነሱ እንቅልፍ የእኛ መሥዋዕት ሊሆን አይችልም። ድምፅ ማጉያውን በ4 ሰዓት አጥፉት፣ ከዚያ በኋላ በለሆሳስ ጸልዩ። ሰው ጮክ ብሎ ስለማይጸልይ እሳቱ ይጠፋል የሚል ካለ፣ የደርግን ዘመን ያሳለፉትን ይጠይቅ።

ያንን ዘመን እኔም ጠይቄበታለሁ። ጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ ኳየር የለም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ ቆዩና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ በግልጽ መሰብሰብ ሲቻል ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። አንዲት የሰፈራችን እናት በዚያ ዘመን ቤታቸውን ለኅብረት ይሰጡ ነበር። «ምን ነበር የሚያደርጉት?» ብላቸው፣ አንድ ትልቅ ነገር ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ቡና ነዋ» አሉኝ። «ሰው ከመጣ ቡና ጠጪ ነው የሚመስለው። እኔ አፈላለሁ፣ እነሱ ይጸልያሉ፣ እኔ በሩን አያለሁ።» እሳቸው አልሰበኩም፣ አልዘመሩም። ቢያዙ ግን የሚታሰሩት እሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ አገልግሎት ስትመርጡ ሰው የማይሻማበትን ፈልጉ። መዘምራን ለመግባት ሰልፍ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ከቆርቆሮው አዳራሽ ጭቃ ለመጥረግ ሰልፍ የለም። አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያንን ለመጎብኘት፣ አራተኛ ፎቅ ውኃ በጄሪካን ለማውጣት፣ ለቅሶ ቤት ሌላው ሰው ከሄደ በኋላ ሳህን ለማጠብ ሰልፍ የለም። አንዱን ያዙ። አንዱን ብቻ።

የያዛችሁትን ደግሞ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኑር። ፓስተሩ ባይሆን ይመረጣል፣ እሱ የሚጠይቀው መቶ ሰው አለው። የምትፈሩት ሳይሆን የማትዋሹት ሰው ይሁን። በወር አንዴ ሻይ ጠጡና «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይበላችሁ። ማብቂያ ቀንም አድርጉለት፤ «እስከ ፋሲካ» በሉ። ፋሲካ ሲደርስ ወረቀቱን አውጡ፣ የሚቀጥለውን ቀጥሉ፣ ያልሆነውን ያለ እፍረት ሰርዙ። ማብቂያ የሌለው ቃል ሰው ሳይታወቀው ጥሎት ይጠፋል፣ ከዚያ የሚተርፈው ጥፋተኝነት ብቻ ነው።

ዘንድሮም ጥቅምት ላይ ድንኳኑ ይተከላል። እኔም እሄዳለሁ። መባ የሚሰበሰብ ሲሆን ባለቤቴ ቀኝ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ትጸልያለች። ሰው ፍቅር ይመስለዋል።