የብስክሌት ሰንሰለት ሲጮህ፣ ሲጠቁርና ሲዝግ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሰንሰለቱ መጮህ ሲጀምር ብዙ ሰው ዘይት አንስቶ ያፈስበታል። ድምፁ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ግን ይመለሳል፣ ያውም ሱሪ የሚያበላሽ ጥቁር እድፍ አስከትሎ። ዘይቱ የሚያስፈልገው ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ነው። በየመጋጠሚያው ፒን አለ፤ በፒኑ ዙሪያ ደግሞ ሮለር የሚባል ትንሽ ቀለበት ይሽከረከራል። ብረት ከብረት የሚፋተገው እዚያ ነው። ከውጭ ዝገት እንዳይዘው ስስ ሽፋን ይበቃዋል፤ ከዚያ የተረፈው አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም።

ሲጥ ሲጥ ይላል

ደርቋል። ጩኸቱ የጀመረው ከዝናብ በኋላ ከሆነ፣ የተቀባው ለአቧራማ መንገድ የሚሆነው ስስ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃ በቀላሉ ያጥበዋል። ዝናብና ጭቃ ለሚበዛበት ወቅት ወፍራሙን ምረጡ። ስሱን ቀብታችሁ ወዲያው ወጥታችሁ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው፤ ቅባቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ፈሳሽ እስኪተን ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ማታ ቀብቶ ማሳደር ይሻላል።

አቀባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነውና። ሰንሰለቱ ንጹህና ደረቅ መሆን አለበት። ፔዳሉን በዝግታ ወደ ኋላ እያዞራችሁ፣ ከታች በሚያልፈው ክፍል ላይ፣ ጥርሶቹን በሚነካው ጎን፣ ለእያንዳንዱ ሮለር አንድ ጠብታ ጣሉ። ከየት እንደጀመራችሁ እንዳይጠፋችሁ አንዱን መጋጠሚያ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ፔዳሉን ጥቂት ዙር አዙሩና ዘይቱ እስኪሰርግ ጠብቁ። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ውጩን ጥረጉት፤ ጣት ሲነካው እምብዛም የማያቆሽሽ እስኪሆን ድረስ። እኔ ብጠየቅ ውድ ዘይት ከመግዛት ይህን መጥረግ አስቀድማለሁ።

ጠቁሯል፣ ያጣብቃል፣ ሲዞር ይፈጫል

ወይ ዘይቱ በዝቷል፣ ወይ ለዝናብ የሚሆነው ወፍራም ዘይት በአቧራ ወቅት ተቀብቷል። አሸዋ ከዘይት ጋር ሲለወስ ሞረድ ይሆናል፤ ሰንሰለቱንም ጥርሱንም ይበላል። እዚህ ላይ ተጨማሪ ዘይት ማድረግ ቆሻሻውን ወደ ፒኑ መግፋት ነው። መጀመሪያ በብሩሽና በቅባት ማስለቀቂያ እጠቡት፤ ነጭ ጋዝም ይሠራል፣ ግን ከእሳት ርቃችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ጥረጉት፣ ፍጹም ይድረቅ፣ ከዚያ ስሱን ዓይነት ቀቡ።

አቧራ ለማይለየው መንገድ ሰም ከሁሉ ንጹህ ነው። ሰንሰለቱ ተፈትቶ በቀለጠ ፓራፊን ይነከራል። ነገር ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቅባት ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ሰሙ አይይዝም፤ ዝናብም ላይ ዕድሜው አጭር ነው። ሰሙን ድስት ውስጥ ባለ ሙቅ ውሃ ላይ አቅልጡት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉት፣ ይቀጣጠላል።

አድሮ ዝጓል

ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ እንደረጠበ ቀርቷል። ወዲያው በጨርቅ ማድረቅና መቀባት ነው። ላዩ ላይ የታየ ቀላል ዝገት ዘይት በነካው ጨርቅ ይለቃል። መጋጠሚያዎቹ ደርቀው አልታጠፍ ካሉ ግን ሰንሰለቱን ቀይሩት።

ቀብቼው ሳይቆይ ይደርቃል

ምን ቀባችሁ? በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራው የመጀመሪያው ደብሊውዲ-40፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ፈሳሽ፣ ዓላማው ውሃን ማስወጣት ነበር፤ ለማጽዳት ይረዳል፣ ሰንሰለት ላይ ግን ብዙ አይቆይም። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ግራሶ ወፍራም ስለሆነ ወደ ፒኑ አይዘልቅም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ የብረት ብናኝ ይዞ ስለሚመጣ ከሁሉ የባሰ ነው።

የሚረጭ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ የዲስክ ፍሬኑን ሸፍኑ። ዲስኩን ከነካው በአልኮል ይጸዳል፤ የፍሬን ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቀየር ነው።

ዘይት አለው፣ ግን ይዘላል

ይህ የዘይት ጉዳይ አይደለም። በየተወሰነ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘል ከሆነ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ የማትተጣጠፈውን መጋጠሚያ ፈልጉ፤ ስትገኝ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ወደ ጎን በቀስታ አነቃንቁ። ጠንክራችሁ ስትረግጡ የሚዘል ከሆነ ግን ማስመሪያ አምጡ። ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 24 መጋጠሚያ አዲስ ሲሆን 304.8 ይለካል። ከኋላ ባለ 11 ወይም 12 ማርሽ ከሆነ 306.3 ሲደርስ፣ ከዚያ ያነሰ ማርሽ ካለው 307 አካባቢ ሲደርስ ቀይሩት። አዲሱ ሰንሰለትም ከዘለለ፣ የኋላው ጥርስ ከአሮጌው ጋር አብሮ ተበልቷልና እሱም መቀየር አለበት።