ጓደኛሞች ብቻ የሚያነቡት ምስጢራዊ ጽሑፍ በፊደል ገበታ

ምስጢራዊ ጽሑፍ እንፍጠር ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው በየፊደሉ ፋንታ ሥዕል ማስቀመጥን ነው። አድካሚ ነው፤ ሥዕሎቹን የሚያስታውስ ስለሌለም መፍቻው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ኪስ ለኪስ ይዞራል፤ ወረቀቱ የጠፋ ቀን ምስጢሩም አለቀለት። የተሻለው መሣሪያ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ነገር ይዟል፦ ዘሩን (የበ፣ የተ፣ የነ) እና ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባት ቅርጾች የትኛው እንደሆነ። ሁለቱን በየራሳቸው መንገድ ካምታታችሁ በቃል የሚያዝ ኮድ ይወጣል።

መጀመሪያ ገበታውን አሳጥሩት። ከ33ቱ ዘሮች ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ይውጡ፤ ድምፃቸውን ሌሎቹ ይሸፍኑታል። 28 ይቀራሉ። ቨ ካጋጠመ በ ተብሎ ይጻፍ፤ ቋንቋ ደግሞ ቁዋንቁዋ ይሁን። ቁጥር በፊደል ይጻፋል፣ ሥርዓተ ነጥብ ይቀራል። እዚህ ላይ ሁላችሁም አንድ ካልሆናችሁ፣ ለምሳሌ አንዱ ሠን ካላወጣ፣ ሰንጠረዡ በአንድ ቦታ ይንሸራተትና መልእክቱ አይፈታም።

ቀጥሎ ቁልፍ ቃልና አንድ ቁጥር ተስማሙ። ቁልፉ «ደብተር ሳጥን» ቁጥሩም 6 ነው እንበል። 28ቱን ዘሮች በተለመደው ቅደም ተከተል ከላይ ደርድሩ። ከሥራቸው፣ ከስድስተኛው ቦታ ጀምሮ፣ የቁልፉን ዘሮች ሳትደግሙ አስገቡ (ደ በ ተ ረ ሰ ጠ ነ)፤ ከዚያ ያልተነኩትን በተራቸው ቀጥሉ፤ መጨረሻ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው ቦታ ዙሩ።

ከላይ፦ ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ ነ ኘ አ ከ
ከታች፦ ጨ ጰ ጸ ፈ ፐ ደ በ ተ ረ ሰ ጠ ነ ሀ ለ

ከላይ፦ ኸ ወ ዘ ዠ የ ደ ጀ ገ ጠ ጨ ጰ ጸ ፈ ፐ
ከታች፦ መ ሸ ቀ ቸ ኘ አ ከ ኸ ወ ዘ ዠ የ ጀ ገ

ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። ይኸው ቁልፍ ከመጀመሪያው ቦታ ቢጀምር ኖሮ ረ፣ ሰ እና ከጨ እስከ ፐ ያሉት አምስቱ፣ በድምሩ ሰባት ዘሮች፣ ራሳቸው ሥር ይወድቁ ነበር፤ ማለትም ሳይቀየሩ ይቀሩ ነበር። በ5 ሲጀመር እንኳ ነ ራሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሁለቱን መስመሮች አስተያዩ፤ ራሱ ላይ የወደቀ ካለ ቁጥሩን ቀይሩ። አበገደን እንደ ቁልፍ ከመጠቀም ግን ተቆጠቡ፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ቀድሞ የሚሞክረው እሱን ነው።

አሁን «ነገ ቤት እንገናኝ» የሚለውን እንጻፍ። ቅርጹን ሳትነኩ ዘሩን ብቻ ለውጡ፤ ነ ጠ ይሆናል፣ ቤ ቴ ይሆናል፦

ጠኸ ቴር ህጥኸጣን

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። አያዋጣም። በአማርኛ ሳድስ በጣም ይበዛል፤ እዚህ ከዘጠኙ ፊደሎች አራቱ ሳድስ ናቸው፤ ቅርጹ እንዳለ ከቀረ የቃሉ አወራረድ ያሳብቃል። ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ ቅርጹን መግፋት ነው። ክፍተቱን አጥፉና ፊደሎቹን ከ1 እስከ 7 ቁጠሩ፤ ሰባት ሲሞላ እንደገና ከ1። ጣት መቁጠር ከሰለቻችሁ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያላችሁ ሂዱ፤ ቅርጾቹ ራሳቸው ከአንድ እስከ ሰባት ናቸው። እያንዳንዱን ፊደል በደረሰው ቁጥር ልክ ወደፊት አራምዱ፤ ከሳብዕ ካለፈ ወደ ግዕዝ ይዞራል። ጠ በ1 ሲገፋ ጡ፣ ኸ በ2 ኺ፣ ቴ (ኃምስ) በ3 ሲገፋ 8 ይሆናል፣ 7 ሲነሣለት ግዕዝ፣ ተ። ር በ4 ሪ ይሆናል። ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ጻፉት፦

ጡኺተሪሃጤኸ ጤነ

ሁለቱን ጤዎች ተመልከቱ፤ አንደኛው ን፣ ሌላኛው ና ነው። ሁለቱ ገዎች ደግሞ አንዱ ኺ፣ አንዱ ኸ ሆነዋል።

ለመፍታት በተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ቅርጹን በቁጥሩ ልክ ወደኋላ መመለስ (ከግዕዝ በታች ከወረደ 7 መጨመር)፣ ከዚያ ፊደሉን በታችኛው መስመር ፈልጎ ከላዩ ያለውን ማንበብ። የቃላቱን ድንበር አንባቢው በስሜት ያገኘዋል፤ የሚያሻማ ስም ካለ በመሐል ፕ አስገቡና እንደማንኛውም ፊደል ኮድ አድርጉት።

በብዛት የሚያሳስተው የእጅ ልማድ ነው። አ እና ኣ፣ ሀ እና ሃ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እንደመጣልን እንጽፋቸዋለን። ኮዱ ግን የሚያየው ቅርጽ ነው። በሰንጠረዣችን ዳ ኣ ይሆናል፣ ደ ደግሞ አ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው እርምጃ ዳቦ «ኣቶ» ሊባል ሲገባው እጃችሁ «አቶ» ካለ ተቀባዩ ደቦ ብሎ ይፈታዋል። ሌላው ስሕተት ፊደል መዝለል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛባል። ሰባት ሰባት መቧደኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ስድስት ፊደል ያለው ቡድን መሐል ላይ ካገኛችሁ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ከቀጣዩ ቡድን በ1 ጀምራችሁ ፍቱ።

ይህ ኮድ የክፍል ጓደኛን ወይም ታናሽ ወንድምን ያቆማል፤ ከልቡ የተነሣ ሰውን ግን አያቆምም። የጥንቱ የሮም መሪ ዩልየስ ቄሳር ፊደሎቹን ሦስት ቦታ ብቻ እየገፋ ይጽፍ ነበር፤ በኛ 28 ዘሮች ያ ዓይነቱ ግፊት በ27 ሙከራ ያልቃል። ዘሮቹን በቁልፍ መበወዝ ያንን በር ይዘጋል፤ ሆኖም የዐረቡ ሊቅ አል‑ኪንዲ በ9ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው ዘዴ፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር፣ ረጅም ጽሑፍ ካገኘ ይሠራል፤ በ፣ ተ፣ ነ እና የ ቶሎ ይታወቃሉ። መልእክቱ ከሁለትና ሦስት መስመር አይለፍ፤ ቁልፉንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ቁጥር በዚህ አይጻፍ።

ቁልፉ በአፍ ብቻ ይነገር። ረቂቁን፣ ማለትም ዋናው ቃል ከላይ ኮዱ ከታች ያለበትን ወረቀት፣ ቀዳችሁ አጥፉት። ስትጽፉም ነጠላ ወረቀት ጠንካራ ነገር ላይ አድርጉ፤ ደብተር ላይ ከሆነ እስክሪብቶው ሥር ባለው ገጽ ላይ የሚተወው ስርጉድ እርሳስ ሲፈገፈግበት ይነበባል።