ሒሳባችሁን ክላውድ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ንግድ ቤቶች

ክላውድ ማለት በሌላ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ ያለን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ተከራይቶ መጠቀም ነው። ማሽኑን አትገዙም፤ መብራቱና ጥገናው የአከራዩ ነው። የምትከፍሉት ለያዛችሁት ቦታና ለተጠቀማችሁት ያህል ነው። ጂሜይል ያለው ሁሉ ክላውድ ተጠቅሟል። ፕሮግራመሮች ሶፍትዌር የሚሠሩበት መድረክም፣ ባዶ ሰርቨርም (ሶፍትዌሩን ራሳችሁ የምትጭኑበት የኪራይ ኮምፒውተር) ይከራያል። ለሰኞ ገበያ ጅምላ አከፋፋይ ወይም ለኮምቦልቻ መለዋወጫ ሱቅ ግን ተሠርቶ ያለቀው አገልግሎት ይበቃል። ሰርቨር ተከራዩ የሚላችሁ ሰው ከመጣ፣ ሰርቨሩን በየወሩ ማን እንደሚያድስና እንደሚጠብቅ አስቀድማችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ይቅር።

ለእኛ ከተሞች ትልቁ ጥቅም የሒሳቡ ቅጂ ከከተማው ውጭ መቀመጡ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) የነበረበት ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከነበረ አብሮ ሄዷል። በዚያው ጊዜ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ቅጂው ውጭ ይቀመጥ፤ የዕለቱ ሽያጭና ደረሰኝ ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥም በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ይሁን። መስመር ሲቋረጥ አብሮ የሚቆም የሽያጭ ሶፍትዌር ለጊዜው አንመክርም።

አሠራሩን በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር እንየው፤ ብዙ ሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት እሱን ነው። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሌሎቹ ተጠቃሚዎች ሁሉ ከፕሮግራሙ ይውጡ። ከፋይል ሜኑ ባክአፕ የሚለውን መርጣችሁ፣ ስሙ ላይ የድርጅቱንና የቀኑን ስም ጨምራችሁ አስቀምጡ። የሚወጣው በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ነው። እሱን ፋይል በሚጠቀልለውና በሚቆልፈው ሰቨን-ዚፕ ፕሮግራም ጠቅልሉት፤ ፓስወርድ ስጡት፤ የፋይል ስሞችንም ቆልፍ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ የተቆለፈውን ፋይል ብቻ በብራውዘር ወደ ጉግል ድራይቭ (የጉግል የክላውድ ፋይል ማስቀመጫ) ስቀሉ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ቤት ወዳለ ፍላሽ ውሰዱት። ከኮምፒውተሩ ጋር ሦስት ቅጂ ሆነ ማለት ነው፤ አንዱም ከከተማው ውጭ ነው። የዚፑ ፓስወርድ ከጠፋ ፋይሉን የሚከፍትላችሁ የለም። በወረቀት ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፒችትሪን የዳታ ፎልደር ራሱን ድራይቭ በራሱ እንዲያመሳስለው (ለውጡን ሁሉ እየተከተለ ወደ ላይ እንዲገለብጥ) ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሲጽፍ ድራይቭ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስለሚያነሳ፣ የተሰቀለው ቅጂ ግማሹ የጠዋት ግማሹ የከሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ዳታው የሚበላሸውም በዚህ ነው። ደግሞ ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም። ቫይረስ ገብቶ ፋይሎቻችሁን ቢቆልፍ የተቆለፈው ፋይል ወደ ላይ ይሄድና ጤናማውን ይተካል። ጉግል ድራይቭ የቆዩ የፋይል ቅጂዎችን ለ30 ቀን ያህል ይይዛል፤ ወደ ቆሻሻ መጣያው የተጣለም ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። ጉዳቱን ዘግይታችሁ ካያችሁት መመለሻ የለም። በየቀኑ አዲስ ስም ያለው ፋይል የምንለው ለዚህ ነው።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ባክአፑን አውርዳችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ፒችትሪ ሪስቶር ሲያደርግ (ባክአፑን ሲመልስ) በነባሩ ድርጅት ላይ ወይስ እንደ አዲስ ድርጅት ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አዲስ የሚለውን ምረጡ፤ ነባሩን ከመረጣችሁ የዛሬው ሒሳብ በአሮጌው ይሸፈናል። ሲከፈት የባንክና የደንበኞች ቀሪ ሒሳብ ከዚያ ቀን ሪፖርት ጋር መግጠሙን አመሳክሩ።

የደረሰኝ ፎቶ ሌላ ጉዳይ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 5,000 ደረሰኝ 20 ጊጋባይት ነው፤ የጉግል ነፃ ቦታ ደግሞ ከጂሜይሉ ጋር ተደምሮ 15 ጊጋባይት ብቻ። የመስቀያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 4 ሜጋቢት (ግማሽ ሜጋባይት) ከሆነ 20 ጊጋባይት ለመስቀል 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ካልጠፋ። በስካነር፣ በ200 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) እና ያለ ቀለም፣ በግራጫ አንሱ፤ አንዱ ደረሰኝ ወደ ግማሽ ሜጋባይት ይወርዳል፤ ይነበባልም።

ሕንፃውንና ማሽኑን የሚጠብቀው አከራዩ ነው። በፓስወርዳችሁ ሌባ ቢገባ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። አካውንቱ በሒሳብ ሠራተኛዋ የግል ጂሜይል አይከፈት፤ በድርጅቱ ስም ይሁን፣ ማስመለሻ ስልኩም በባለቤቱ ስም የወጣ ሲም ይሁን። ሲሙ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ ማስመለሻ ኮዱ የሚሄደው ለዚያ ሰው ነው። ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ ከምታደርጉት ስልክ ላይ ኮድ በሚያወጣ ኦተንቲኬተር መተግበሪያ አድርጉት፤ ኔትወርክ ባይኖርም ኮድ ያወጣል። ጉግል የሚሰጣችሁን 10 መጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ካዝና ውስጥ አኑሩ። ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን ፓስወርድ ቀይሩ፤ አካውንቱ ከተከፈተባቸው ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮችም ውጡ። ሊንኩ ያለው ሁሉ ይይ የሚለውን የማጋሪያ ምርጫ ለሒሳብ ፋይል በፍጹም አትጠቀሙ፤ አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባ ማን እንዳየው አታውቁም።

ክፍያው በዶላር ከሆነ የምንዛሪውን ነገር አስቡበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ዋጋው በዶላር ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ካርዱ ሳይከፍል ከቀረ አገልግሎቱ ይቆማል፤ ቆይቶም ዳታው ይሰረዛል። የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ በብር ስለሚከፈል ከዚህ ስጋት ይገላግላል፤ የኢንተርኔት መቋረጥ ግን እሱንም ይነካዋል። የደንበኞችን ስም፣ ስልክና መታወቂያ የምትይዙ ክሊኒኮችና ብድር ሰጪዎች ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን፣ በተለይ መረጃን ከአገር ስለማውጣት የሚለውን ክፍል፣ ከጠበቃ ጋር ሳታነቡ የውጭ ሰርቨር ላይ ምንም አትስቀሉ።