የሌሊት ሰማይ ፎቶ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ ለጅማ ሰማይ

ምልክት፦ ማምሻውን የተነሱት ፎቶዎች ጥርት ያሉ ናቸው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ከዋክብቱ እያበጡ፣ ዙሪያቸውን ነጭ ጭጋግ እየከበባቸው ይሄዳሉ፤ ትንንሾቹ ጨርሰው ይጠፋሉ።

ምክንያት፦ ጤዛ ነው። ፎከሱን አትነካኩ። በእጅ ባትሪ በጎን በኩል አብሩና የሌንሱን ፊት እዩት፤ አልቦት ታገኙታላችሁ። ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ሰማይ የዞረ መስታወት ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በጅማ እርጥበት ደግሞ ውሃው ለመቋጠር ጊዜ አይፈጅበትም። ቦዬ ረግረግ ዳር የቆመ ሰው፣ ጅሬን ላይ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ካለው ቀድሞ ይያዛል። የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ፣ የእኛ ጋላክሲ) ማዕከል በየካቲትና በመጋቢት የሚወጣው ሊነጋ ሲል ስለሆነ፣ ምርጡ ሰዓት ጤዛው የሚብስበትም ሰዓት ነው።

መፍትሄ፦ ሌንስ ላይ የሚጠመጠም የዩኤስቢ ማሞቂያ ቀበቶ። ከፊተኛው መስታወት ጠርዝ አጠገብ፣ የፎከስ ቀለበቱን ሳይነካ ይታሰር። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት ይከፈት፤ ጤዛ ከያዘው በኋላ ማድረቅ አሰልቺ ነው። 5 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በእውነተኛ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ወደ 6 ሰዓት ይሠራል። ላዩ ላይ 20,000 ተጽፎበት በሁለት ሰዓት የሚያልቀውን ዕቃ ግን አትግዙ፤ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አንድ ልጅ «ሌንስህ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ተብሎ መጣ። ፎቶዎቹን በሰዓታቸው ደርድረን ስናይ ብዥታው ቀስ በቀስ ይጨምራል። የተበላሸ ሌንስ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ያበላሻል እንጂ እኩለ ሌሊት አይጠብቅም! ማሞቂያ ስናስርለት ጥርት ብሎ አነሳ። ሌላው ደግሞ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ቀይ አፈሩ ከጤዛው ጋር ሲታሽ የመስታወቱን ሽፋን ቧጨረው፤ እሱ አይመለስም። በጋቢ አትጥረጉ፣ በሶፍት አትጥረጉ፣ በቲሸርት አትጥረጉ። እፍም አትበሉበት፣ ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው።

ስትመለሱ ካሜራውን እዚያው ደጅ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩ፤ ቤት ገብቶ ሙቀቱ እስኪስተካከል አይከፈት። ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር) ጋር አስቀምጡት።

ከዋክብቱ ጭረት ከሆኑ፦ ካሜራው ለብርሃን ክፍት የቆየበት ጊዜ በዝቷል፤ ሰማዩ ይዞራልና። የሰከንዱን ልክ ለማግኘት 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር (ላዩ ላይ ለተጻፈው የትኩረት ርዝመት) ማካፈል የሚባለው ስሌት እዚህ ያሳስታል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትሞላ በአናታችን የሚያልፉት ሰማይ ላይ በፍጥነት የሚንቀሳቀሱት ከዋክብት ናቸው። 300ን አካፍሉ፤ በ20 ሚሊሜትር 15 ሰከንድ ይሆናል። ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ከሆነ ከዚያም ቀንሱ።

ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ብዥ ካለ፦ ሌንሱ ላይ ያለውን የ∞ (የሩቅ ርቀት ፎከስ) ምልክት አትመኑ። ደማቅ ኮከብ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ በሚታየው ምስል) አጉልታችሁ፣ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን በእጅ አዙሩ።

ሰማዩ ብርቱካናማ ከሆነ፦ የከተማው መብራት ነው፤ ጀርባ ስጡት።

ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታየ፦ የሴንሰሩ ነጥቦች ናቸው። የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በዚያው ሰከንድና አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት መጠን) ጥቁር ፎቶ አንሱና በኮምፒውተር ከዋናው ላይ ቀንሱት።