ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ጋቢ ያዙ

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ፍላሽ ዲስክና ጋቢ አትርሱ። ጋቢው ለብርዱ ብቻ አይደለም።

ፍላሹ ላይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ምስሎች ጫኑ። 3840 በ2160 የሆነ ስክሪን ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ አንዷ ብትሞት ሱቅ ውስጥ በሚከፍቱላችሁ ያሸበረቀ ቪዲዮ ላይ አትታይም። በነጩ ላይ የጠቆረች፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆና የምታበራ ነጥብ ፈልጉ። አስቀድማችሁ ግን ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። እኔ ከሻጭ ጋር ስከራከር ቆይቼ ነጥቧ አቧራ ሆና ተገኝታ አፍሬያለሁ።

ቀጥሎ ጥቁሩን ምስል ክፈቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨምሩና ጋቢውን ከነላፕቶፑ ተከናነቡ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከጠርዙ እንደ ጭስ የሚፈስ ነጣ ያለ ብርሃን ካያችሁ ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። አብሮ የሚለዋወጥ ከሆነ አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጠባይ ነው፣ እለፉት። ካለበት ንቅንቅ ካላለ ግን የኋላ መብራቱ እያፈሰሰ ነው፤ ሌላ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ። ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ነጥቦቹ ራሳቸው ስለሚያበሩና የኋላ መብራት ስለሌለው ጥቁሩ ድፍን ጨለማ መሆን አለበት። ያገለገለ ኦሌድ ከሆነ ደግሞ ግራጫ ምስል ከፍታችሁ ተቃጥሎ የቀረ የምልክት ጥላ ፈልጉ።

ስክሪኑ 144 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል ካሏችሁም የዊንዶውስን የማሳያ ቅንብር ራሳችሁ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ተቀምጦ ይገኛል።